ለተኙት አድራሻዎች

ኅዳር 4

ጉልበቴ እንደ ልማዱ። ደረጃውን በጎኔ ወረድኩ። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ ብቅ አለና በዚህ ዕድሜዬ በየጠዋቱ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ማኅበር አለ፤ ማኅበሩ በየወሩ ለደጋፊዎቹ በኢሜይል የሚልከውን ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ አልኩት። በነጻ መሆኑን ሲሰማ መርፌውን ከአፉ አወጣ።

"እማማ፣ ነጻ ሥራና ነጻ ምክር አንድ ናቸው። የሚፈልጋቸው የለም።"

ሊሰፋልኝ የወሰደው ቀሚሴ እስካሁን እሱ ዘንድ ነው። እሱንም ነጻ ሥራ መስሎት ይሆን?

ቢሮ ውስጥ ያቺ የመልእክት ክፍል ኃላፊ በኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ጠበቀችኝ። ሁሉን ነገር በመቶኛ ስለምትናገር በልቤ "ወይዘሮ መቶኛ" እላታለሁ። ልጇ ሲያተኩሰው እንኳ "ዛሬ ስልሳ በመቶ ተሽሎታል" ትላለች። ያለፈው ወር ደብዳቤያችን የተከፈተው አሥራ ዘጠኝ በመቶ ብቻ ነው አለችኝ። የቀሩትስ?

"ተኝተዋል፣ እማማ።"

የሰው ሁሉ እንቅልፍ!

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ለዚህም ደብዳቤ አልመለሰችልኝም። ድሮ ቢሆን ደብዳቤው በወጣ በሰዓቱ ትጽፍ ነበር። ሰላምታ የላት፣ ምን የላት። "ሦስተኛው አንቀጽ እንደ ክፉ ጭነት ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።" ወይም፦ "አምስት ጊዜ አመሰገንሽ። አንድ ጊዜ ይበቃል።" እናደድ ነበር… አሁን ያ ንዴት የት ይገኛል?

ኅዳር 9

ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። እትዬ እሷ ዘንድ መኖር ከጀመረች ዓመት አለፋት። ሩቅ ከተማ ነው፤ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

"ዛሬ ትንሽ ደክሟታል፣ አክስቴ።"

ሁልጊዜ "ዛሬ ትንሽ" ናት። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ብሏል። ቀስ በቀስ ነው ብሏል። ለመሆኑ ከምን ጀምሮ ነው ቀስ በቀሱ? ከሰው ነው? ከስም ነው?

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ አልኩ። ትንፋሿ ይሰማኛል። የአየሩን ነገር አወራሁ። የሚያፈሰውን የቢሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ የተቀመጠውን ባልዲ አወራሁ። እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳወራ፣ ሳወራ… ትንፋሽ ብቻ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

ኅዳር 17

ወይዘሮ መቶኛ ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝና እንደ ተማሪ አስረዳችኝ። ደብዳቤያችንን ሳይከፍቱ ዓመት የሞላቸው ብዙ ናቸው። ለእነሱ መላክ በቀጠልን ቁጥር፣ ኢሜይል አመላላሾቹ ድርጅቶች "እነዚህ ሰዎች የሚፈልጋቸው የለም" ብለው ይደመድማሉ። ከዚያ ለሚፈልጉን ሰዎች የምንልከውም ሳይቀር አይፈለጌ መልእክት ተብሎ የቆሻሻው ክፍል ይገባል። ስለዚህ ለተኙት አንድ የመጨረሻ ደብዳቤ ይላካል። ከሥሩ "አዎ፣ ጻፉልኝ" የሚል ቁልፍ ይቀመጣል። የነካው ይቆያል። ያልነካው ይሰረዛል።

ሥርዓት ነው። ወደድኩት። ሰው የማይፈልገውን ነገር በሩ ላይ መጣል ነውር ነው።

ከዚያ የተኙትን ስም ዝርዝር አወጣችልኝ። ወረድ ስል… እትዬ።

መነጽሬን አወለቅኩ፤ ጠረግኩ፤ መልሼ አደረግኩ። እዚያው ናት።

ወይዘሮ መቶኛ ፊቴን አይታ ኖሮ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የእህትዎን አልነካውም፣ እማማ። ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ" አልኳት።

ለሌላው ሰው እህት የማናደርገውን ለእኔ እህት አናደርግም። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ እትዬ ናት። ግን በመንገድ ላይ የዳቦ ቤቱ መስኮት ሥር ቆምኩ። ሞኝነት ነው፤ አድራሻዋ ቢሰረዝ እሷ አትሞትም። ግን በየወሩ ወደ እሷ የሚሄድ አንድ ነገር ነበረኝ። መልስ ባይመጣም ይሄድ ነበር።

ኅዳር 19

በርዕሱ ተጣላን። ኢሜይሉ ሳይከፈት የሚታየው እሱ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ሰው የሚከፍተውም የሚጥለውም እሱን አይቶ ነው። እኔ "አሁንም እንጻፍልዎ?" አልኩ። እሷ "ናፍቀውናል" አለች። አይቻት የማላውቃት ሴትዮ፣ ከየት መጥቶ ነው የናፈቀችኝ? ውሸት ነው። ማኅበር አይናፍቅም፤ ሰው ነው የሚናፍቅ።

"እሺ፣ ለግማሹ የእርስዎን፣ ለግማሹ የእኔን እንልካለን። የቱ በብዛት እንደሚከፈት እናያለን።"

"በአንድ አፍ ሁለት ምላስ!"

"ሙከራ ይባላል፣ እማማ" ብላ ሳቀችብኝ። መሳቋ አላስከፋኝም።

ኅዳር 24

ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ቀደድኩ። "ውድ ደጋፊያችን፣ ለረጅም ጊዜ ድምፅዎን ስላልሰማን…" እንደ ውኃ ክፍያ ማስጠንቀቂያ! እንዲህ ተብሎ የተቀሰቀሰ ሰው ተነስቶ በሩን ይዘጋል እንጂ አይከፍትም።

ታሪክ ያስፈልጋል አለች ወይዘሮ መቶኛ። "ቁጥር አይቀሰቅስም፣ እማማ። ታሪክ ነው የሚቀሰቅስ።" ይህን ከእሷ አፍ መስማቴ!

አንድ ታሪክ አለኝ። እውነቱ እንዲህ ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን አንዲት የመኝታ ክፍላችን ልጅ ዓይኗ ታመመ። ሁለቱንም ዓይኗን በፋሻ ጠቅልለው የሕመምተኞች ክፍል ብቻዋን አስተኟት። ወደዚያ መቅረብ ክልክል ነበር። ከምሳ በኋላ ሁሉ ሰው ሲያርፍ፣ እትዬ መስኮቷ ሥር ቆማ አነበበችላት። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ ስለነበር በእጇ የነበረው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ብቻ ነው። ስለ ወንዞች አነበበችላት። ከየት እንደሚነሱ፣ በየት እንደሚያልፉ፣ የት ባሕር እንደሚገቡ። ገጹ ሲያልቅ ከራሷ ወንዝ ፈጠረች። "ዝግታ" አለችው፤ ባሕር ለመድረስ የማይቸኩል ወንዝ። ልጅቷ ከውስጥ፣ "አሁን የት ደረሰ?" ትላታለች። እትዬ ትነግራታለች።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ዲሬክተሯ ስትመጣ እንድስል ነበር የተማከርነው። ዲሬክተሯ በጓሮ በኩል መጣች። እትዬ ጠጠር ላይ ተንበረከከች፤ መጽሐፉን በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛ። "ማን አብሮሽ ነበር?" ስትላት፣ "መጽሐፉ" አለች።

ይህ ነው ታሪኩ። ከዚህ የተሻለ የለኝም።

ኅዳር 26

ግን እውነቱን ብጽፈው ምን ትለኛለች? እውነት መልስ አይፈልግም…

ኅዳር 27

እትዬን የማውቃት እኔ ነኝ። እሳት ቢነሳ ትተኛለች፤ ሐሰት ሲወራ ግን አትተኛም። በአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ ሽማግሌው ሙሽራውን ሲያወድሱ "ከልጅነቱ ጀምሮ ትጉህ" ቢሉ፣ ከወንበሯ ተነስታ "ሁለት ጊዜ ክፍል ደግሟል" ያለች ሴት ናት። ሙሽራው ራሱ አጨበጨበላት።

እንግዲህ ጻፍኩት። "ልጅ ሳለሁ" ብዬ ጀመርኩ። መስኮቱ ሥር የቆምኩት እኔ። ያነበብኩት እኔ። የተንበረከክሁት እኔ። ጂኦግራፊውን ትቼ የታሪክ መጽሐፍ አደረግኩት፤ ወንዞቹን አወጣሁ። እህት የሚባል ቃል የለበትም።

ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ውሸት ሳርም ኖሬ፣ ይኸው ለሦስት ሺህ ሰው ልዋሽ ነው። ለአንድ ሰው ስል።

ለእህቴ ልጅ ደውዬ "አንብቢላት" ማለት እችል ነበር። አልደወልኩም። ራሷ እንድትነሳልኝ ነው የምፈልገው።

ታኅሣሥ 2

ተላከ። ከሥሩ የእኔ ስምና "አዎ፣ ጻፉልኝ" የሚለው ቁልፍ። ወይዘሮ መቶኛ ከመላኳ በፊት አንብባው ዓይኗን ጠረገች። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ታኅሣሥ 3

ተከፍቷል!

ገና ኮቴን ሳላወልቅ ጠራችኝና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አኖረች። የእትዬ አድራሻ፤ ተከፍቷል። ያውም በተላከ በደቂቃዎች ውስጥ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። አየሽ፣ አልኩ በልቤ፣ አልተኛሽም፣ ታውቂያለሽ፣ አሁን ትነሺና ትሰድቢኛለሽ…

ወይዘሮ መቶኛ ግን አልሳቀችም። አንዳንድ ስልኮችና ታብሌቶች ባለቤታቸው ሳይነካቸው ደብዳቤውን ራሳቸው ይከፍቱታል አለችኝ። እሷ የምታምነው ቁልፉን የነካን ወይም መልስ የጻፈን ብቻ ነው። መከፈት መነበብ አይደለም።

"ታዲያ ለምን አሳየሽኝ?"

"ደስ እንዲልዎት ብዬ… ከዚያ ደግሞ ልዋሽዎት አልፈለግኩም።"

እሷ ልትዋሸኝ አልፈለገችም።

ታኅሣሥ 8

የተኙት እየነቁ ነው። በየቀኑ መልስ ይመጣል። አንዱ ጡረተኛ ባቡር ነጂ፣ "እኔም የተንበረከክሁበት ጠጠር እስከ ዛሬ ጉልበቴ ውስጥ አለ" ብሎ ጻፈ። አንዲት እናት ደብዳቤውን ለልጆቿ ጮክ ብላ እንዳነበበችላቸው ጻፈች። "እርስዎን የመሰለ ሰው…" እያሉ ያሞግሱኛል። የእኔ ርዕስ ተሸንፏል፤ "ናፍቀውናል" በብዙ በልጧል። ሰው መናፈቁን እንጂ መጠየቁን አይወድም ማለት ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም፣ ከበሩ ጀምሮ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ። ታሪኩን በትልቁ አሳትሞ መግቢያው ላይ ሊሰቅለው ነው። ከነፎቶዬ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ይከብዳል።

እትዬ ቁልፉን አልነካችም።

ታኅሣሥ 11

ምንም።

ታኅሣሥ 15

ቀነ ገደቡ ዛሬ ነበር። ወይዘሮ መቶኛ ሻይ አፈላች፤ ስኳሩን ሁለቴ ጨመረችልኝ፣ እንደ ታማሚ። ያልመለሱት በአንድ ጊዜ ይሰረዛሉ። እንደገና፣ "እማማ፣ አንዷን ብቻ…" አለች። አይሆንም አልኳት። ነካችው። እንደዚያ ቀላል ነው… ድምፅ እንኳ የለውም። ዝርዝሩ አጠረ።

ሻይውን ሳልጨርስ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ኮቴን እንደለበስኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ እንደ ድሮዋ ብትሆን ይህን ውሸት አታሳልፍም ነበር። ስለዚህ እትዬ የለችም። መርዶ እንኳ በሰው አፍ ነው የሚመጣ፤ ይህ በምን መጣብኝ? በዝምታ።

ታኅሣሥ 18

የእህቴ ልጅ ደወለች። እጄ ሊጥ ነክቶ ነበር፤ ስልኩን በክርኔ ነው የከፈትኩት።

የእናቷን ፀጉር ልታበጥር ተቀምጣ፣ ዝም ብሎ ከማበጠር ብላ በእናቷ ታብሌት ላይ ያሉትን ደብዳቤዎች ስታይ የእኔን ስም አየች። ጮክ ብላ አነበበችላት። እትዬ እስከ መስኮቱ ድረስ ዝም አለች። "መስኮቱ ሥር ቆሜ አነበብኩላት" የሚለው ላይ ስትደርስ ማበጠሪያውን ከእጇ ነጠቀቻት።

"'ውሸት!' አለች፣ አክስቴ። ለሳምንታት አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨረሰችም። 'ጂኦግራፊ ነው! እኔ ነኝ ያነበብኩት! ማን ናት ይህቺ?' አለች። ጠረጴዛውን ትመታለች። ጎረቤት መጣ።"

እያለቀሰች ትስቃለች። እኔም። ሊጡን ፊቴ ላይ ሁሉ ለቀለቅኩት።

አለች። እትዬ አለች!

ነገ ከእሷ ጋር እነጋገራለሁ። እንድትሰድበኝ ተዘጋጅቻለሁ፤ ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት መዝጊያ እንደምጠብቀው ነው የምጠብቃት።

ታኅሣሥ 19

እንዳለ ልጻፈው።

ስልኩን ሰጠቻት። ትንፋሿን ሰማሁ፤ ቀጥሎ ድምጿን። ያ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ ድምጿ።

"ደብዳቤውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

እርስዎ አለችኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ እትዬ "እርስዎ" ብላኝ አታውቅም። እኔ ነኝ፣ አልኩ።

"ታዲያ አያፍሩም? መስኮቱ ሥር እርስዎ የት ነበሩ? ታሪክ አልነበረም፣ ጂኦግራፊ ነው። እስቲ ዝግታን ማን ፈጠረው?"

"እርስዎ ነዎት" አልኩ። እንዴት አንቺ ልበላት?

"እንግዲያስ!" አለች። ቁጣዋ የበረደ መሰለኝ። "ካላመኑ እህቴን ይጠይቁ። ጥግ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሚጣ ታውቃለች። እሷ አትዋሽም።"

ሚጣ እኔ ነኝ። በዚህ ስም የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት።

እህትዎ ደህና ናት? አልኩ። ከየት እንደወጣኝ አላውቅም።

"አልጻፈችልኝም" አለች። "ብዙ ጊዜ ሆናት። እሷ እንዲህ አልነበረችም። ብቻ ሥራ በዝቶባት ይሆናል።"

ከዚያ ደከማት። የእህቴ ልጅ ስልኩን ወሰደች።

ስንት ደብዳቤ ላክሁላት? በየወሩ። "ውድ ደጋፊያችን" እያልኩ…

ታኅሣሥ 21

እርማት እንዲላክ ጠየቅኩ። ለሁሉም፣ ያነበበው ሰው ሁሉ እንዲያነበው። ሊቀ መንበሩ ሊታመም ደረሰ። ፎቶዬ ፍሬም ገብቷል። ማኅበሩ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ልኮ አያውቅም። መስኮቱ ሥር የቆመ ሰው አለ ወይስ የለም ብሎ ጠየቀኝ። አለ። የተነበበላት ልጅ አለች? አለች።

"ታዲያ አንዷ ሆነች ሌላዋ፣ ምን ለውጥ አለው?"

"ለተንበረከከችው አለው" አልኩት።

ወይዘሮ መቶኛ ታዳምጥ ነበር። ለምን እንደዋሸሁ ለእሷ ብቻ ነገርኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ጣቶቿን አጣምራ፣ እርማቱን ካልላክን የሚሄዱብን ሰዎች እንዳሉ፣ ከላክንም የሚሄዱ እንዳሉ፣ የትኛው እንደሚበዛ ግን እንደማታውቅ ተናገረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር አልነበራትም።

ቀጥላ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረች። "የምንልካቸው አንባቢዎች እኮ የሚያነቡት ገጹን ማየት ለማይችሉ ሰዎች ነው። እኛን ካላመኑ ምን ይዘን በራቸው ላይ እንቆማለን?"

ፍሬሙን ይዞ ወጣ።

ታኅሣሥ 28

እርማቱ ወጣ። አጭር ነው። ያነበበችው እህቴ እንደሆነች፣ መጽሐፉ ጂኦግራፊ እንደነበር፣ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በጊዜው እንኳ እንዳልሳልኩ። ለምን እንደዋሸሁም አልሸሸግኩም፤ መልሷን ፈልጌ ነው። ርዕሱን ራሴ አወጣሁት። "ዋሽቻለሁ።" ወይዘሮ መቶኛ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ርዕስ እንዳላየች ተናገረች። ሙከራም አላስፈለገውም።

ሰዎች ሄዱ። ባቡር ነጂው ሄደ፤ እንዲያውም ሁለት መስመር ስድብ ትቶልኝ ነው የሄደ፤ በደንብ የተጻፈ ስድብ ነው። ያቺ እናት ቆየች። "ልጆቼ እንደገና አንብቢልን አሉኝ። ዝግታ የሚባለው ወንዝ አሁን የት ደረሰ ብለው ይጠይቃሉ" ትላለች።

ጥር 1

ለወይዘሮ መቶኛ ደብዳቤውን ከእንግዲህ ራሷ እንድትጽፍ ነገርኳት። ፈራች። አንቀጽ አታበዢ፣ አንድ ጊዜ አመስግኚ፣ አልኳት። የእትዬን ነው የሰጠኋት፤ የራሴ ምክር የለኝም።

"ማኅበሩን ትተውት ነው?"

አልተውኩትም። አንባቢ ሆኜ ልወጣ ነው። አንድ ቤት አለኝ የማነብበት።

ልብስ ሰፊው ቀሚሴን ሰጠኝ። ለጉዞ መሆኑን ሲሰማ ዋጋ አልተቀበለኝም። አፍሮ ነው ወይስ አዝኖልኝ? አልጠየቅኩም።

ጥር 6

አውቶቡስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ትከሻዬ ላይ ተኝቶ መጣ።

የእህቴ ልጅ መናኸሪያ ተቀበለችኝ። ወፍራለች፤ እንደ እናቷ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። እቤት ስንገባ እትዬ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነበረች። ከስታለች… እንዲህ ትከሳለች ብዬ አላሰብኩም። አንገቷ ግን ያው ነው።

አየችኝ። ጠበቅኩ። ዓይኗ ፊቴ ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ቦርሳዬ ወረደ።

"እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል። ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?"

"ሰውን በማያውቀው አትፈትኚ" አለቻት። ወደ እኔ ዞራ፣ "ይቀመጡ" አለችኝ።

ከማኅበሩ ነኝ፤ የማነብልዎ ነገር ይዤ መጣሁ፣ አልኩ። ደስ አላት። ጂኦግራፊ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ጥር 10

በየጠዋቱ አነብላታለሁ። ስቸኩል በእጇ ምልክት ታስቆመኛለች። ትናንት፣ "ነጠላ ሰረዙን ረገጡት" አለችኝ። ወጥቼ ማጀት ውስጥ ሳቅሁ። ማልቀስም ነበረበት መሰለኝ።

ስጨርስ አንድ ጥያቄ አላት። ሁልጊዜ ያው ነው። እህቷ ጻፈች ወይ?

የእህቴ ልጅ፣ "እሷ ራሷ ናት አክስቴ፣ እማዬ፣ ተመልከቻት!" ብላ አንድ ቀን ሞከረች። እትዬ ግራ ገባት፤ ፈራች። ሁለተኛ እንዳትሞክር አልኳት። ልጅ ሆኜ "እኔ ነኝ" ስላት በጨለማ ውስጥም ታውቀኝ ነበር… ይሁን። ያለፈው አለፈ።

ጥር 13

ለእትዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቁልፍ የሌለው፣ ርዕስ የሌለው። በወረቀት። "እትዬ" ብዬ ጀመርኩ። ስንት ዓመት ጽፌ አላውቅም ይህን ቃል!

ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ጣሪያው ባልዲ፣ ትከሻዬ ላይ ስለተኛው መንገደኛ። የሚያስመሰግን ነገር የለበትም። ነገ አነብላታለሁ።

ጥር 14

አነበብኩላት። ከእህትዎ ነው፣ አልኳት።

እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አዳመጠች። መንገደኛው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ጥርሷን አየሁት። ሳበቃ ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ አሁን ማንበብ አትችልም፣ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዳሰሰች።

"እሷ ናት" አለች። "እንዲህ ነው የምትጽፍ። ሁለተኛው አንቀጽ ረዝሟል።"

ረዝሟል። እውነቷን ነው።

ጥር 22

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ነበር። ስድስተኛውን ደብዳቤ አንብቤላት ስጨርስ፣ መልስ መጻፍ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እጇ አልታዘዝ ስላላት እኔ እንድጽፍላት ለመነችኝ። ወረቀትና ብዕር ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ብዙ አሰበች። በመስኮቱ ወደ ውጪ አየች፤ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ፣ የጎረቤቱን ግድግዳ። እስክትጀምር ድረስ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አኑሬ ጠበቅኩ። ከእሷ መልስ ስጠብቅ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ አጠገቧ ተቀምጬ ስጠብቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

"ይጻፉ" አለችኝ። "ሚጣ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለእኔ አታስቢ። አንዲት ሴትዮ እየመጡ ያነቡልኛል። ደህና ያነባሉ። አንቺን ግን አያክሉም።"

እንዳለችው ጻፍኩት። አንድም ቃል አላረምኩም።